ጨጓራችንና በርበሬው



ረመዷን ሲቃረብ ከወልድያ እስከ መርሳና እስከ ሀብሩ ገጠር አንድ ጥያቄ ይሰማል፦ «ጨጓራ አለብኝ፤ ዘንድሮ እንዴት ልጹም?» እኛም ዶርም ውስጥ በርበሬውን እንወቅሳለን፣ የካፌውን ሽሮ እንወቅሳለን፣ ፈተናውን እንወቅሳለን። ከዚያ ኦሜፕራዞል ገዝተን ውጠን እንተኛለን።

የብዙዎቻችን ሕመም ግን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከሰው ግማሽ ያህሉ ይሸከመዋል። በአብዛኛው የሚይዘን በልጅነት ነው፤ ብዙዎችም ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ባክቴሪያው አሞኒያ እያመረተ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያለዝባል፤ በጭራው እየዋኘም የጨጓራን ልፋጭ ሰርስሮ ይገባል። ለዓመታት ሲያቆጣው ኖሮ በአንዳንዱ ቁስለት፣ በጥቂቱ ደግሞ ካንሰር ያስከትላል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል የሚያምነው ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ክትባቱስ? ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሰውነታችን ባክቴሪያውን ይዋጋዋል፣ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ግን ከልፋጩ ውስጥ አያስወጣውም። ክትባት የሚጠየቀው እንግዲህ ሰውነት ራሱ ያልቻለውን እንዲችል ነው። ቻይና ውስጥ ከ4,400 በላይ ልጆች ላይ የተሞከረ የሚጠጣ ክትባት በመጀመሪያው ዓመት 70 በመቶ ገደማ እንደተከላከለ በ2015 ተዘግቧል። ዛሬም በጤና ጣቢያዎቻችን የሚሰጥ ክትባት የለም። ሸክሙ በድሃው ላይ ሲሆን ገንዘቡ አይቸኩልም፤ እኛ እንዲህ እንጠረጥራለን።

የቀረን ምርመራና ሕክምና ነው። የደም ምርመራ የድሮውን ከአሁኑ አይለይም፤ የሰገራ አንቲጂን ምርመራ ይሻላል፤ ለእሱም ኦሜፕራዞሉን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማቆም ያስፈልጋል። ሕክምናው ኦሜፕራዞልና ቢያንስ ሁለት ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ ብዙ ጊዜ 14 ቀን። እኛ ግን በአምስተኛው ቀን ሲሻለን የተረፈውን ለዶርም ጓደኛ እንሰጣለን። ይህ ሰደቃ አይደለም፤ ባክቴሪያውን መድኃኒት ማለማመድ ነው።

ስለዚህ ምርመራውን በረጀብ፣ ሕክምናውን በሻዕባን ብንጨርስስ? ረመዷን የደረሰበት ኪኒኑን በሱሑርና በኢፍጣር መውሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ካልተቻለ ለታመመ ሰው ማፍጠርና በኋላ ቀዷ ማውጣት የተፈቀደ ነው። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስመለስ ከመጣ ግን ኢፍጣር አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።