የዳንጉርን ዝናብ እኛው እንመዝግብ

በዳንጉር ወረዳ ማንቡክ አድጋችሁ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምትማሩ፣ እዚያው ሆናችሁ የምታስተምሩ፣ መሬቱን የምታርሱ ወጣቶች ሁሉ፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። የዳንጉር ዝናብ፣ ሙቀትና ደን በአገሩ ልጆች እጅ መመዝገብ፣ መጠናትና ለሚቀጥለው ትውልድ መተላለፍ አለበት። ሥራው ረጅም ነው፤ ስለዚህ አሁን መጀመር አለበት።

ኢትዮጵያ እየሞቀች መሆኗ ተለክቶ የታወቀ ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨምሯል። ዝናቡ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነበብም። ከዓመት ዓመት በጣም ስለሚለዋወጥ፣ የጥቂት ክረምቶች ትዝታ ለውጡን አያሳይም። በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት ክረምቱ ሲደክም፣ በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ያ ድርቅ ግን ሁሉንም አካባቢ እኩል አልመታም። የአገሪቱ አማካይ ቁጥር ለዳንጉር ገበሬ ሰሊጡን መቼ እንደሚዘራ፣ ማሽላው መቼ ዝናብ እንደሚያጥረው አይነግረውም። ያንን የሚነግረው የዳንጉር የራሷ መዝገብ ነው።

መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከቀርከሃው እንማር። በክልላችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሰፊ ቦታ የሸፈነው የቆላ ቀርከሃ ቤት ይሠራበታል፣ አጥር ይታጠርበታል፣ ቡቃያውም ይበላል። ጫካ ሙሉ ቀርከሃ ደርቆ ያየ ሰው «ሙቀቱ ጨረሰው» ሊል ይችላል። ነገር ግን የቆላ ቀርከሃ ለብዙ ዓመታት ሳያብብ ኖሮ፣ በአንድነት አብቦ ዘሩን ከጣለ በኋላ በተፈጥሮው ይደርቃል። አደጋው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከዘሩ የበቀለው ችግኝ በሰደድ እሳት ከተቃጠለ፣ ከብት ከረጋገጠው ወይም ቦታው ለእርሻ ከተመነጠረ ደኑ አይመለስም። የትና መቼ እንዳበበ የጻፈ ሰው ካለ፣ ቦታውን ለጥቂት ዓመታት ከእሳትና ከከብት መከለል ይቻላል። ካልተጻፈ ግን የእኛ ጥፋት በአየር ንብረት ለውጥ ተሳብቦ ይቀራል።

የዕጣን ዛፋችንም ነገር ያሳስባል። በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች እንዳስጠነቀቁት፣ በእሳት፣ በግጦሽና ከልክ ባለፈ አመራረት ምክንያት ወጣት ዛፍ እየተተካ ባለመሆኑ፣ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። በዞናችን በመተከል ቆላ ስንት ችግኝ እየጸደቀ እንደሆነ ቆጥሮ ሊነግረን የሚገባው የአካባቢው ተማሪ ነው።

የበለስንም ወንዝ አስቡ፤ ውሃውም ደለሉም ወደ ሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የቆመው በጎረቤታችን በጉባ ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዘውን ይህን ግድብ ወላጆቻችን ከጉሮሯቸው ቀንሰው ቦንድ በመግዛት ሠርተዋል። የተመነጠረ ተዳፋት አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል፤ ጎርፉም ለወንዙ። ወላጆቻችን ገንብተው ያስረከቡንን ከደለል መጠበቅ የእኛ ተራ ነው፤ ይህም የሚጀምረው ከየትኛው ተዳፋት ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ በመለካት ነው።

ልኬቱ ከባድ ጥበብ አይጠይቅም። በዝናብ መለኪያ ላይ የሚነበብ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ማንበብ፣ ዝናብ ባልዘነበበት ቀን ዜሮ ብሎ መጻፍ፣ ያልተነበበበትን ቀን ደግሞ ባዶ መተው ነው። ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱን የደባለቀ መዝገብ ያሳስታል። ሳተላይት እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶ/ር ቱፋ ዲንኩ ከአገራችን የሜትሮሎጂ ተቋም ጋር የሠሩትን ይመልከት። የሳተላይቱን ግምት በመሬት ላይ ከተለካው ዝናብ ጋር አዋሕደው ለአገሪቱ የተሻለ መረጃ አዘጋጁ። መለኪያ በሌለበት ቦታ የሳተላይቱ ግምት የሚያርመው አያገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የአንድን ቦታ የአየር ንብረት ለመግለጽ የ30 ዓመት መረጃን መነሻ ያደርጋል። ዛሬ በ18 ዓመቱ የጀመረ ወጣት 30ኛውን ዓመት የሚሞላው 48 ዓመት ሲሆነው ነው። ይህ በአንድ ሰው ትከሻ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለ9ኛ ክፍል፣ መምህር ለተተኪው መምህር ሊያስረክበው የሚገባ አደራ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላችሁ፣ በራችሁ ላይ ያለውን ዕድል ተጠቀሙበት። አርባ ምንጭ ሜትሮሎጂ ይማሩበታል። ሐረማያ በአየር ንብረት ላይ ያተኮረ የግብርና የልህቀት ማዕከል አለው። ወንዶ ገነት የደን ሳይንስ ቤት ነው። ባሕር ዳር የብሉ ናይል የውሃ ኢንስቲትዩት አለ። ክልላችንን አባይ ለሁለት ስለሚከፍለው አሶሳ ከማንቡክ ሩቅ ቢሆንም፣ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የእኛም ነው፤ የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ከአጠገባችን ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ከዳንጉር ምረጡ። ጥናቱንም መደርደሪያ ላይ አትተዉት። ክረምት ስትመለሱ በገበያ ቀን ሕዝቡን ሰብስባችሁ፣ በጉሙዝኛ፣ በአገውኛ፣ በሺናሽኛና በአማርኛ ያገኛችሁትን ንገሩት፤ ገበሬው የሚላችሁንም ጻፉ።

በዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ መምህራን፣ ተማሪውን ወደ መተከል ላኩት፤ ከእሱ ጋርም ውረዱ። የቀርከሃውን አበባ ያዩ፣ የወንዙን ሙላት የሚያስታውሱ የጉሙዝ ሽማግሌዎችን ቃል ስትመዘግቡ፣ ስማቸውንና ፈቃዳቸውን አክብሩ። እውቀቱ የእነሱ ነው።

መተከል በ2013 ዓ.ም. በግጭት ያየውን መከራ ሁላችንም እናውቃለን። ትምህርት ተቋረጠ፣ ቤተሰብ ተፈናቀለ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተፈራራ። ይህን ቁስል የዝናብ መለኪያ ይፈውሰዋል አልልም። ነገር ግን ዝናቡ ሲቀር የጉሙዙም፣ የአገውም፣ የሺናሻውም፣ የአማራውም ማሳ እኩል ይደርቃል። የአራቱም ልጆች በየተራ የሚያነቡት አንድ መዝገብ፣ አብሮ ለመሥራት የሚያበቃ እውነተኛ ምክንያት ነው።

በ2027 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። የዓለም መንግሥታት በአገራችን ሲቀመጡ የማንቡክ ተማሪ ቢያንስ የአንድ ክረምት የተሟላ ልኬት ይዞ መገኘት ይችላል። ስለዚህ ከዝናቡ መግቢያ ከግንቦት በፊት በየትምህርት ቤቱ አንድ መለኪያ ይተከል፣ ሁለት አንባቢ ተማሪዎችና አንድ ኃላፊ መምህር ይመደቡ፣ የመዝገቡ ቅጂ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለፓዌ እና ለአሶሳ ይላክ። ከማንቡክ ውጭ ያላችሁ የመለኪያውን ዋጋ አዋጡ፤ እዚያው ያላችሁ ማንበቡን ጀምሩ።