ያልተመዘገበ ቁስል

በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ አይሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆ በወገኖቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉ። ኢጣሊያ ግን በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን ውል ፈርማ ነበር። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ድርጊቱን ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው።

ይህ መርዝ ቆዳ አቃጥሎ ብቻ አይተውም። ሳንባን ለዕድሜ ልክ ይጎዳል፤ ዓይንንም ከብዙ ዓመታት በኋላ እንኳ ሊያጠፋ ይችላል። ትንፋሽ ያጠረው አባት ሞፈር አይጨብጥም፤ ዓይነ ስውር የሆነችውን እናት የሚመራ ልጅ ከትምህርት ይቀራል። ስለዚህ የሚጎዳው አንድ ሰው ሳይሆን ቤተ ሰቡ በሙሉ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ኢራቅ ሰርደሽት በምትባል የኢራን ከተማ ላይ ይህንኑ ጋዝ ጣለች። የኢራን ሐኪሞች ከጥቃቱ የተረፉትን ለብዙ ዓመታት እየተከታተሉ ሕመማቸውን መዝግበዋል። ከእኛ ቁስለኞች ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ መዝገብ ሳይኖራቸው ወደ መቃብር ወርደዋል።

ቁስለኞቹ ቢያልፉም ያስታመሙዋቸው ልጆች አሉ። እንግዲህ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምንሄድ ተማሪዎች ታላላቆቻችንን እንጠይቅ፤ ማን ታመመ? ስንት ዓመት? ማንስ አስታመመ? የሕክምና መምህሮቻችንም መጠይቁን በማዘጋጀት ይርዱን። ያልተጻፈ ቁስል እንዳልነበረ ይቈጠራልና፣ ዛሬውኑ እንጻፍ!