ዳኛ ያለው ጦርነት

ከፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄደው የከተማ ባቡር መጀመሪያ የሚቆመው ኒደርራድ ላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚበር ኢትዮጵያዊ ሻንጣውን በጉልበቱ መሀል ይዞ ያልፈዋል እንጂ አይወርድበትም። ሰፈሩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመሥሪያ ቤት ሕንጻዎች የተደረደሩበት፣ ኋላም ብዙዎቹ ባዶ ሲቀሩ ወደ መኖሪያነት እየተለወጡ ያሉበት ነው። እዚያ ወርዶ የጥቃቅን ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ ወደሚሸጥበትና ወደሚካሄድበት ማእከል ጎራ የሚል ሰው ግን፣ ዲያስፖራው ስለ ጦርነት ከሚነጋገርበት መንገድ የጎደለው ምን እንደሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያይ ይችላል።

በመደርደሪያው ላይ ያሉት ምስሎች ቁመታቸው ከሦስት ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ገዢው ራሱ ቆርጦ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ይቀባቸዋል፤ አንድ ሠራዊት ለማሰናዳት ወራት መፍጀቱ የተለመደ ነው። ከሁሉ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ዋርሀመር 40,000 ሲሆን፣ በተለመደው ግጥሚያ እያንዳንዱ ወገን 2,000 ነጥብ የሚመዝን ጦር አሰልፎ ለሦስት ሰዓት ያህል ይፋለማል። የልጆች ነገር ነው ብሎ ለሚያልፈው፣ አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ በታኅሣሥ 2024 ከለንደን የአክሲዮን ገበያ መቶ ታላላቅ ኩባንያዎች ተርታ መግባቱን መንገር ይበቃል።

ከምስሎቹ ይልቅ ትኩረት የሚስበው የተጫዋቾቹ ሥርዓት ነው። አንዱ ጦሩን ሲያንቀሳቅስ ርቀቱን በሜትር ለክቶ ለባላጋራው ያሳያል። ሲከራከሩ የደንቡ መጽሐፍ ይገለጣል፤ መጽሐፉ ካልፈታው ዳይስ ይጣላል፤ በውድድር ላይ ከሆነ ደግሞ ዳኛ ይጠራል። የተመታውን ወታደር ከጠረጴዛው ላይ የሚያነሣው መቺው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። ወር ሙሉ ቀለም የቀባውን ምስል በገዛ እጁ አንሥቶ ወደ ዳር ያስቀምጣል፤ ክምሩም እስከ መጨረሻው ከፊቱ አይጠፋም።

ይህ ሥርዓት የተወለደው በዚያው በጀርመን ምድር ነው። ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሲያ ሰው በ1812 ገደማ የጦርነት ጨዋታ ሠርቶ ለንጉሡ አቀረበ። የጦር መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 አሻሽሎት ጨዋታው በእውነተኛ ካርታ ላይ እንዲካሄድ አደረገ። ሁለቱ ወገኖች የሚያዩት ሊያዩት የሚችሉትን ብቻ ነበር፤ ሙሉውን ሁኔታ የሚያውቀው ዳኛው ነው። የጄኔራል ስታፉ አለቃ ፎን ሙፍሊንግ ካየው በኋላ ለመላው ሠራዊት እንዲዳረስ ደገፈ። ትልቁ ፈጠራ ዳኛው ይመስላል፤ አዛዡ የሚመኘውን ሳይሆን የደረሰውን የሚነግረው ሰው ማለት ነው።

ዳኛው ሲያዳላ ምን እንደሚከተል የጃፓን ባሕር ኃይል ከሁሉ በላይ ያውቀዋል። በ1942 ከሚድዌይ ውጊያ በፊት በተደረገው ልምምድ፣ በዳይሱ ውጤት መሠረት የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ሲመቱ ዳኛ የነበረው አድሚራል ኡጋኪ የምቱን ቁጥር አሳነሰ፤ ሰጥማለች የተባለችው «ካጋ»ም ለቀጣዩ ልምምድ ተመልሳ ተንሳፈፈች። በሰኔ ወር በእውነተኛው ባሕር ላይ «ካጋ»ን ጨምሮ አራት ተሸካሚ መርከቦች ሰጠሙ።

ኢትዮጵያውያንም ለዚህ ባዕድ አይደሉም። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረጅ ሁለቱ ተጫዋቾች በመጀመሪያ ተራ ሳይጠባበቁ፣ እኩል እየተሽቀዳደሙ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይህ ምዕራፍ «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እንደተበላ ወረራው ያበቃና ተራ በተራ መጫወት ይጀመራል። የዛሬው የዲያስፖራ የጦርነት ወሬ በወረራው ላይ የቀረ ሰንጠረጅ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል፤ የተበላውን ግን የሚያነሣ የለም። በሰሜኑ ጦርነት በሁለቱም ወገን በየስልኩ የተሰራጨው የድል ዜና ቢደመር አንዱም ሠራዊት ሰው የጎደለበት አይመስልም ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ የአፍሪካ ኅብረት አደራዳሪ ኦባሳንጆ የሟቾቹን ቁጥር ወደ 600,000 ገመቱት። ግምቱ ያከራክራል፤ ይሁንና በፍራንክፈርትም ሆነ በዋሺንግተን «ከዚህ ውስጥ የእኛ ወገን ድርሻ ስንት ነው?» ብሎ የተሰበሰበ ማኅበር እምብዛም አልታየም።

ዓድዋም ቢሆን በጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ ሌላ መልክ ይይዛል። በበዓል ንግግር ድሉ አስቀድሞ የተጻፈ ይመስላል። ካርታውን ዘርግቶ የሚጫወት ግን የምኒልክ ሠራዊት ስንቁ እያለቀ ስለነበር ብዙ ሊሰነብት እንደማይችል፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ ደግሞ «ኪዳነ ምሕረት» በሚል የቦታ ስም ተሳስቶ ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ መግባቱን ማስላት አለበት። ባራቲየሪ ጥቂት ቀናት ቢታገሥ ምን ይከተል ነበር? ጥያቄው ድሉን አያሳንስም፤ እንዲያውም የአዛዦቹን ውሳኔ ክብደት ያጎላዋል። ነገር ግን ጦርነት በእርግጠኝነት የሚጀመር ነገር ነው የሚለውን እምነት ያናውጣል፤ መናወጥም ይገባዋል።

የኒደርራዱ ጠረጴዛ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ገበሬ የለበትም። በሬው የታረደበት፣ ባንኩ የተዘጋበት፣ ማሳው ጾሙን ያደረ ሰው ነጥብ አይሰጠውም። ስለዚህ የማኅበረሰብና የሙያ ማኅበራት ሊወስዱት የሚገባው ምስሎቹን ሳይሆን ደንቡን ነው። ዛሬ በአማራ ክልል ስለሚካሄደው ግጭት የሚሟገቱ ሃያ ሰዎች ለአንድ ቀን ጠረጴዛ ይከራዩ፤ እያንዳንዱም በውጭ የሚቃወመውን ወገን ይምራ። አንድ ቡድን የአንድ ወረዳ ነዋሪ ሆኖ ይቀመጥ፤ በየተራው መጨረሻ ምን ያህል እህል እንደቀረው፣ ስንት ልጆች ትምህርት እንዳቋረጡ፣ ስንቱ እንደተፈናቀለ ያስመዝግብ። ማንም የራሱን ኪሣራ ራሱ ያንሣ።

እንዲህ ያለው ልምምድ የሰላም ድርድርን አይተካም፤ አንዳንዱም በግማሽ ቀን ተቆጥቶ ይወጣ ይሆናል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የዳኛው ምርጫ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ሰው ከማኅበረሰቡ መሀል ካልተገኘ ከውጭ ይምጣ፤ ጡረታ የወጣ መኮንን ወይም የታሪክ መምህር ሊሆን ይችላል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነው፤ የሰጠመችውን መርከብ መልሶ እንዲያንሳፍፍ ሲለመን እምቢ የሚል ይሁን።