532ን ለልጆቹ እናሳያቸው

ትንሹን የጋራ ብዜት ስናስተምር ልጁ «ይሄ ምን ይፈይዳል?» ቢለን ምን እንመልሳለን? መልሱ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ እንጦጦ ማርያም ደጅ ይገኛል። በባሕረ ሐሳብ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ይባላል። ጳጉሜን በ4 ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች፤ ሳምንት 7 ቀን ነው፤ የጨረቃው ዑደት 19 ዓመት ነው። ከሦስቱ የትኞቹም ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜት 4 × 7 × 19 = 532 ይሆናል። የፋሲካ ቀኖችም ከ532 ዓመት በኋላ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳሉ። የ4ና የ6 ግን 12 እንጂ 24 አይደለም፤ 2 ሁለቱንም ያካፍላልና። ማባዛቱን ብቻ የሚያስሸመድድ መምህር ይህን ምክንያት ከልጁ ይደብቃል። እንግዲህ በየካ ትምህርት ቤቶች ለልምምድ ስንወጣ ጠመኔ ብቻ ሳይሆን የዘመን መቁጠሪያም ይዘን እንግባ!