ሻንጣ ውስጥ የማይገባ መድኃኒት

ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ወንድምዬ፣ አንተን ያዳነህን ኪኒን ለእኔም ላክልኝ በናትህ። ሰርጌ ሦስት ወር ነው የቀረው፤ በዚህ ፊት ቬሎ አልለብስም» ትላለች። ፎቶም አያይዛለች። ጉንጯና አገጯ ላይ ያበጠ፣ ገና ሲያዩት የሚያም ብጉር ነው። ማስተርሴን ስማር የነበረኝን ፊት አስታወሰኝ።

መሳቢያዬ ውስጥ የተረፈች አንድ ፓኬት ነበረች። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ጓደኛም ነበረኝ። ፓኬቷን ከሽቶና ከጫማ ጋር ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሁላችንም የምናደርገው ነው፤ ለእናት የግፊቱን፣ ለአባት የስኳሩን ስንልክ ኖረናል። ማታ ግን «ሰርጌ» ያለችው ነገር ከነከነኝ። ጓደኛዬ ሳይበር ደውዬ ዕቃውን አስመለስኩ።

መድኃኒቱን ለመኮነን አይደለም የምጽፈው። አይሶትሬቲኖይን ይባላል፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው አኩቴን በሚለው የቀድሞ የንግድ ስሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ ቆዳችን ውስጥ ያሉትን ቅባት አመንጪ ዕጢዎች ያሳንሳል። የሚታዘዘው ለተራ ብጉር ሳይሆን በአንቲባዮቲክና በቅባት እምቢ ላለ፣ ጠባሳ ለሚተው ከባድ ብጉር ነው። እኔ ወስጄው ድኛለሁ።

እኛ ዘንድ ብጉር እንደ በሽታ አይቆጠርም። «የጉርምስና ነው፣ ያልፋል»፣ «ስታገቢ ይጠፋል»፣ «ሎሚ ቀቢው» ይባላል። ለብጉር ሐኪም ቤት መሄድ ቅብጠት ይመስላል። ግን እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ብጉሩ ቢድን እንኳ ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል፤ ከባዱ ደግሞ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። እኔ በዚያን ጊዜ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ካሜራ ማብራት እፈራ ነበር። ስለዚህ የአጎቴ ልጅ ሕክምና መፈለጓ ልክ ነው። ልክ ያልነበረው የእኔ ፖስተኝነት ነው።

ለምን መሰላችሁ? ይህ መድኃኒት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ በፅንሱ አንጎል፣ ልብ፣ ጆሮና ፊት ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ መውለድ የምትችል ሴት ከመጀመሯ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም በየወሩ የእርግዝና ምርመራ ታደርጋለች። ከጨረሰችም በኋላ ለአንድ ወር ማርገዝ የለባትም። እኔ ደግሞ ልልክ የነበረው ለሙሽራ ነው። ሰርጉ ባለፈ በወሩ «ምነው፣ አልያዝሽም እንዴ?» እያሉ በሚጠይቁበት አገር! ለዚያውም ለሰርጉ አይደርስላትም ነበር። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩ ጭራሽ ሊብስ ይችላል።

ሌላም አለ። በኋላ ስጠይቃት ከፋርማሲ ራሷ ገዝታ ዶክሲሳይክሊን እየወሰደች ነበር። ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ሐኪሞች አያጣምሯቸውም። ይህን እኔ ከየት ላውቅ?

ያቺ ፓኬት ለምን እንደተረፈች ደግሞ ልንገራችሁ። በሁለተኛው ወር የደም ምርመራዬ ላይ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ቅባት ከፍ ብሎ ተገኘ። እኔ ከከንፈሬ መድረቅ በቀር ምንም አልተሰማኝም ነበር። ሐኪሜ መጠኑን ቀነሰችልኝ፣ ያልጨረስኩት ፓኬት ተረፈ። ማለትም ለእህቴ እንደ ስጦታ ልልክ የነበረው፣ ለእኔ እንኳ በዝቷል የተባለውን መጠን ነው። ኪኒኑ የሕክምናው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የደም ምርመራው፣ ጥያቄውና በየወሩ የሚያይ ዓይን ነው። ይህን ደግሞ በሻንጣ አይልኩትም።

«ቁጥጥሩ ራሱ አሰልቺ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። አይፕሌጅ የሚባለው የአሜሪካ የቁጥጥር ፕሮግራም በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ ድረ ገጽ ሲዛወር፣ ብዙ ታካሚዎችና ሐኪሞች መግባት አቅቷቸው መድኃኒቱ ተቋርጦባቸዋል። በሙያዬ ሶፍትዌር እሠራለሁና እንዲህ ያለ ሥራ ያሳፍረኛል። ግን በሩ ተበላሸ ተብሎ አጥሩ አይፈርስም፤ በሩ ይጠገናል።

ከባድ ብጉር ያለባችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ጠባሳው እስኪመጣ አትጠብቁ። የምትወስዱትን ሁሉ፣ ቫይታሚንም ቢሆን፣ ሳትደብቁ ተናገሩ። መድኃኒቱ ከቅባት ምግብ ጋር ሲወሰድ በደንብ ስለሚሠራ የምትጾሙ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ዘይት የገባበት ሽሮ ወይም አቮካዶም ቅባት ነው። እየወሰዳችሁና ካቆማችሁ በኋላ ለአንድ ወር ደም አትለግሱ፤ ደሙ ለነፍሰ ጡር ሊሰጥ ይችላል። የስሜት መጨለም የገጠማቸው ታካሚዎች አሉ። መድኃኒቱ ያመጣዋል ወይ በሚለው ጥናቶች ባይስማሙም፣ ብቻችሁን የምትኖሩ ተማሪዎች ግን ለአንድ ጓደኛ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ለውጥ ካየ ይደውልላችሁ።

ከአገር ቤት «ላክልኝ» ስትባሉ ደግሞ የሐኪሙንና የላቦራቶሪውን ክፍያ ላኩ። አዲስ አበባ ውስጥ አለርትን የመሰለ የቆዳ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል አለ። እኔም በመጨረሻ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ አኮረፈችኝ፤ «ለእኔ ሲሆን ሰሰትክ» አለችኝ። ከዚያ ሄደች። ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊኑን አስቁሞ፣ እርግዝና ቢመጣ የማያሰጋ ቅባት አዘዘላት። በሰርጓ ቀን ብጉሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የቀረውን ሜካፕ ሸፈነው።

ሰርጉ ሁለት ወር ሳይሞላው አረገዘች። ዜናውን የነገረችኝ በዚያው በቴሌግራም ነው። መልእክቱን ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለዚያች ፓኬት ነበር።