አሰልጣኙ ይነሳ! ከዚያስ?

የድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ከተመልካቹ መቀመጫ የሚሰማው ጩኸት ያው ነው፤ «አሰልጣኙ ይነሳ!» ብዙ ጊዜም ይነሳል። ምክትሉ በጊዜያዊነት ይረከባል፣ ቡድኑ ከወራጅ ቀጠና ለመውጣት ሲፍጨረጨር የውድድር ዘመኑ ያልቃል፣ በክረምቱ ሌላ ዋና አሰልጣኝ ይፈርማል። እኔ እንደማየው ሕመሙ ከአሰልጣኞቹ ችሎታ ይልቅ ክለቡ ከሚተዳደርበት ገንዘብ ጠባይ ይመነጫል። በየዓመቱ የሚጸድቅ በጀት የዓመት ዕድሜ ያለው አሰልጣኝ ይወልዳል።

ከተማዋ ዱሮ እንዲህ አልነበረችም። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1960፣ በ1962፣ በ1963 እና በ1965 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ1983 ደግሞ ለአምስተኛ ጊዜ። በጥር 1954 ዓ.ም. የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎም ለዚሁ ክለብ ተጫውቷል። ፋብሪካ ቡድን ሲይዝ ሒሳቡ ሌላ ነው። ተጫዋቹ የድርጅቱ ሰው ነው፣ ቡድኑ ተሸነፈ ተብሎ ሽመናው አይቆምም፣ አሰልጣኙም ከሚቀጥለው ጨዋታ አሻግሮ ማሰብ ይችላል። (ያ ዘመን ማር ነበር ማለቴ አይደለም፤ የፋብሪካ ክለብ ፋብሪካው ሲደክም አብሮ ይደክማል።)

ዛሬ ደመወዙን የሚችለው የከተማው አስተዳደር ነው። ከሕዝብ ኪስ የወጣ ብር ምን አስገኘ ተብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ክፋቱ መልሱ ከደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ መነበቡ ነው። የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ሰው የ16 ዓመት ልጅ ላይ ዐይኑን አይጥልም፤ ሊጉን የሚያውቁ፣ ውላቸው ያለቀ ተጫዋቾችን ያስፈርማል። ፀሐይዋ በረድ ስትል በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ ኳስ የሚያንከባልለው ልጅ ቢደርስ የሚደርሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ፍሬውን የሚበላው ሌላ አሰልጣኝ ነው። በዚህ ስሌት አሰልጣኙን መውቀስ ይከብዳል። መሠረት ማኒ የድሬዳዋን የወንዶች ቡድን በዋና አሰልጣኝነት ይዛ በፕሪሚየር ሊጉ ወንዶችን ያሰለጠነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። እንዲህ ያለ ታሪክ የተሠራበት ወንበር እንኳ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰው ተቀመጠበት።

ለንጽጽር የራቀ ምሳሌ ላንሳ። በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የቤነዲክት መነኮሳት ያቋቋሙት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ የሚወዳደርበት እርከን ለተጫዋቾች የስፖርት ነፃ ትምህርት መስጠት አይፈቅድም። ጆን ጋግሊያርዲ የዚህን ትምህርት ቤት የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 2012 አሰልጥኗል። መጋጨት ዋናው ሥራ በሆነበት ጨዋታ ልምምድ ላይ ተጋጭቶ መጣጣልን ከልክሎ፣ በጠቅላላው የአሰልጣኝነት ዘመኑ 489 ጨዋታ አሸነፈ። በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ ከዚህ የበለጠ ያሸነፈ የለም።

«የቆየውማ ስላሸነፈ ነው» የሚል ይኖራል፤ ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ጋግሊያርዲ ገና በመጀመሪያ ዓመቶቹ ውጤት አምጥቷል። ይሁንና ሦስተኛውን ብሔራዊ ዋንጫ በ1976 ካነሳ በኋላ አራተኛውን ያገኘው በ2003 ነው። እነዚያን 27 ዓመታት የታገሠው ትምህርት ቤት አሰልጣኙን በዋንጫ ብቻ አልመዘነም። በአንጻሩ የኛ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ለ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አብቅቶ፣ ለዓለም ዋንጫም የመጨረሻው ማጣሪያ ድረስ አድርሶ በ2014 ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ባሬቶ፣ ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌና አሸናፊ በቀለ ተፈራርቀው አብርሃም መብራቱ የብሔራዊ ቡድኑ ወንበር ላይ ሲደርስ ጊዜው ገና 2018 ነበር። አብርሃም የመንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ ያበቃ ሰው ነው፤ ስለዚህ የችሎታ ማነስ የሚለው ማብራሪያ ሩቅ አይወስደንም።

ጊዜ መስጠት ለሰነፍ አሰልጣኝ መደበቂያ ይሆናል የሚለው ሥጋት ግን እውነት አለው። መልሱ ውሉ ውስጥ ነው። የሦስት ዓመት ውል ይሁን፤ በየዓመቱ ከታዳጊው ቡድን ስንት ልጅ ወደ ዋናው እንዳሳደገና ስንት ደቂቃ እንዳጫወተ ከደረጃው እኩል ይመዘን፤ መስፈርቱን ያላሟላ አሰልጣኝ በዚያው ውል ይሰናበት። ወጪው ይበዛል የሚሉ ኃላፊዎች ውሉ ሳያልቅ ለሚሰናበት አሰልጣኝ የሚከፈለው ካሳ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ ቢመለከቱ መልካም ነው።