ዓሣው አራት ቀን ስለ ቆየ ወንዙ ንጹሕ ነውን?



ባለፈው ሴሚስተር ጓደኞቻችን የመመረቂያ ጥናታቸውን ሲያቀርቡ ብዙዎቻችን በአዳራሹ ተገኝተን ነበር። ጥናቱ ጨርቅ የሚነከርበት አንድ ሰማያዊ ቀለም በአጭር ጊዜ ውስጥ ዓሣ ይገድል ወይም አይገድል እንደ ሆነ የሚመረምር ነበር። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በመስታወት ገንዳ አኑረው፣ ቀለሙን በየመጠኑ በጥብጠው 96 ሰዓት ጠበቁ። በሊትር 100 ሚሊግራም በገባበት ገንዳ እንኳ አንድም ዓሣ አልሞተም። ይህን ሲናገሩ በእንግድነት የተጠሩ አንድ ባለሥልጣን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እንግዲህ ዓሣው ካልሞተ፣ ፋብሪካ ወንዝ ይመርዛል የሚለው ወሬ ዛሬ አበቃ» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው በዚያ ጭብጨባ አፍረን ነው።

ጓደኞቻችንን ለመውቀስ አልተነሣንም። ሥራቸው ንጹሕ ሥራ ነው፤ አንድም አኃዝ አልዋሹም። የዋሸው ከአኃዙ ላይ የተገነባው ንግግር ነው። ስለዚህ አስቀድመን ፈተናው ምን እንደ ሆነ እንናገር፤ ምክንያቱም ያላወቁትን ነገር መሟገትም ማጨብጨብም ከንቱ ነው።

በዓለም ላይ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚከተሉት ደንብ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣውና በ2019 ያሻሻለው ቁጥር 203 መመሪያ ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት ለእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ ሰባት ዓሣ ይመደባል። ቢያንስ አምስት የተለያዩ መጠኖች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ከሌላው ከ2.2 እጥፍ በላይ መራቅ የለበትም። ቀለም ያልገባበት የማነጻጸሪያ ገንዳም ይኖራል፤ በዚያ ገንዳ ከአሥር ዓሣ ከአንድ በላይ ቢሞት ፈተናው ሁሉ ውድቅ ነው። በውሃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሊይዝ ከሚችለው ከ60 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። በአራቱ ቀን ውስጥ ዓሣው አይመገብም። በየቀኑ የሞተው ይቆጠራል፤ በመጨረሻም ከዓሣዎቹ ግማሹን የሚገድለው መጠን በስሌት ይገኛል።

ይህ ፈተና ጠቃሚ ነው። ጨካኝ የሆነውን ቀለም ቶሎ ለይቶ ያሳያል። ማላካይት ግሪን የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ሐርና ቆዳ ይነከርበታል፤ ብዙ ዓይነት ዓሣ ለመግደል ግን በሊትር አንድ ሚሊግራም እንኳ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ቀለም የአራት ቀኑ ፈተና ወዲያውኑ ያጋልጠዋል። ዳሩ ግን ብዙዎቹ የጨርቅ ቀለሞች በአራት ቀን ዓሣ አይገድሉም። ይህ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው። ታዲያ አስቀድሞ የታወቀውን ነገር እንደ አዲስ ግኝት ይዞ የፋብሪካውን በር በአበባ ማስጌጥ ምን ይባላል?

አሁን ያ አኃዝ የማይናገረውን እንመልከት።

አንደኛ፣ «ግማሹን የሚገድል መጠን» ማለት «ጉዳት የሌለው መጠን» ማለት አይደለም። በአንድ መንደር በአራት ቀን ውስጥ ከነዋሪው ግማሹ ቢሞት፣ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ያለው የመርዝ መጠን ለጤና ተስማሚ ነው የሚል ሰው ይገኛልን? በአውሮፓ የኬሚካል ሥጋት ሲገመገም በእጅ ያለው የአጭር ጊዜ ፈተና ብቻ ከሆነ፣ የተገኘው አኃዝ ለ1000 ይካፈላል። እንግዲህ ግማሹን የሚገድለው 100 ሚሊግራም ነው ቢባል፣ ለወንዙ የሚታሰበው 0.1 ሚሊግራም ነው ማለት ነው። በእኛ አዳራሽ ግን 100ው እንዳለ ተጨበጨበለት።

ሁለተኛ፣ አራት ቀን አራት ቀን ነው። ዓሣው ይራባ እንደ ሆነ፣ ዕንቁላሉ ይፈለፈል እንደ ሆነ፣ ጫጩቱ ያድግ እንደ ሆነ አይነግረንም። አባቶቻችን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያሉት ለዚህ ይመስለናል። የሰውን ታሪክ ብንጠይቅ ደግሞ መልሱ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሉድቪግ ሬን የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር ማግኘቱን ለሙያ ጓደኞቹ አስታወቀ። እነዚያ ሠራተኞች በአራት ቀን አልታመሙም፤ ለዓመታት ሠርተው ነው። ያን ጊዜ በአራት ቀን ቢፈተኑ ኖሮ ሁሉም ጤነኞች ናቸው ተብሎ ይጻፍላቸው ነበር።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ በገንዳ ውስጥ እንዳለ በወንዝ ውስጥ አይቀርም። ከጨርቅ ቀለሞች እጅግ የሚበዙት አዞ የሚባሉት ናቸው፤ ከወንዙ አዞ ጋር የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ነው። እነዚህ ቀለሞች ኦክሲጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሲቀመጡ ባክቴሪያዎች ይቆራርጧቸዋል። ከስብርባሪያቸውም አንዳንዱ፣ እንደ ቤንዚዲን ያለው፣ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ ስብርባሪ የሚሰጡትን አዞ ቀለሞች ቆዳ በሚነካ ልብስ ላይ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አይታይም። ጭቃው በገንዳው የለምና።

አራተኛ፣ ከፋብሪካው ቱቦ የሚወጣው ቀለም ብቻ አይደለም። ከማቅለሚያ ክፍል ጨው፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ሳሙና፣ አንዳንድ ጊዜም ሰልፋይድና ብረታ ብረት አብረው ይወጣሉ፤ ውሃውም ትኩስ ነው። ሪአክቲቭ ከሚባለው የጥጥ ቀለም ከፊሉ ጨርቁን ሳይዝ ከእጥበቱ ጋር ይሄዳል። ቀለም የተሠራው ፀሐይ፣ ላብና ሳሙና እንዳያስለቅቀው ነው፤ ይህ ለሸማኔው በጎነት ነው፣ ለወንዙ ግን መከራ ነው፤ ቶሎ አይጠፋምና። ውሃውን አጥቁሮ ብርሃን ሲከለክል፣ ዓሣው የሚመገባቸው ጥቃቅን ዕፀዋት ይዳከማሉ። ቀለሙ ዓሣውን ባይገድል ረኃብ ሊገድለው ይችላል። በፈተናው ውስጥ ግን ዓሣው አስቀድሞም አይመገብ ነበርና ረኃቡን የሚቆጥርለት የለም።

አምስተኛ፣ የሚፈተነው ዓሣ ማን ነው? አምባዛ ከውሃው በላይ ወጥቶ አየር የሚስብ ዓሣ ነው፤ ሌላው ታፍኖ በሚያልቅበት ውሃ እርሱ ይኖራል። ቆሮሶም ጠንካራ ነው። ጠንካራውን መርጦ ፈትኖ ስለ ደካማው መመስከር፣ ወታደር ሮጦ ስለ ተሻገረ ሽማግሌውም ይሻገራል እንደ ማለት ነው። ውሃውስ የየት ነው? የቧንቧ ውሃ ነው። የሐዋሳን ሐይቅ እንውሰድ። ሐይቁ በጥቁር ውሃ ወንዝ ይመገባል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ የገባው በዚያው ይከማቻል። «ሲሄድ ይቀጥናል» የሚለው መልስ መውጫ በሌለው ሐይቅ ላይ አይሠራም። በኮምቦልቻ በኩል የቦርከናን፣ በአዲስ አበባ በኩል የአቃቂን ወንዝ የሚጠጡት ከብቶችና የሚለማው አትክልትም በገንዳችን ውስጥ አልነበሩም።

ይህን ሁሉ ጓደኞቻችን አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ የሆነውን እንናገር። በመጀመሪያ ያሰቡት ዱቄት ቀለም ገዝተው ለመፈተን አልነበረም። ከቱቦው አፍ ፍሳሹን ቀድተው ለመፈተን ነበር። ደብዳቤ ይዘው ከአንድ ፋብሪካ በር ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በመጀመሪያው ቀን ኀላፊው የሉም ተባሉ፤ በሁለተኛው ደብዳቤው ይታያል ተባሉ፤ በሦስተኛው ቀን ዘበኛው «ልጆቼ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ትምህርታችሁን ተማሩ» ብሎ መለሳቸው። ጊዜው ስላለቀ ቀለሙን ከገበያ ገዙ። እንግዲህ ባለሥልጣኑ የመሰከሩለት ፍሳሽ ያልተፈተነ ፍሳሽ ነው።

ለዘበኛው ክብር አለን፤ እንጀራው ነው። ምሳሌውን ግን መልሰን እንጠይቃለን። ዘንዶው ካለ፣ ብንጎረጉርም ባንጎረጉርም እዚያው ውስጥ ነው። ያልጎረጎረ ሰው የሚያተርፈው እግሩን እስኪያስገባ ድረስ አለማወቅ ብቻ ነው።

«እናንተ የፋብሪካ ጠላቶች ናችሁ፤ ሺህ ሠራተኛ እንዲበተን ትፈልጋላችሁ» የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። ይህ ክስ ሐሰት ነው። እኛ ፋብሪካ እንወዳለን። ከእኛም ብዙዎቻችን የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ነን። የቀለም ኢንዱስትሪ ራሱ የተማሪ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለው የ18 ዓመት ወጣት የወባ መድኃኒት እሠራለሁ ብሎ ሲደክም ሐምራዊውን ቀለም አገኘ። ከሳይንስ የመጣውን ነገር ሳይንስ ቢመረምረው ምን ያስቈጣል? ማጣራትና ማምረት ጠላቶች አለመሆናቸውንም አገራችን ራሷ መስክራለች፤ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ታቅዶ ተሠራ። ለአዲሱ የሚቻለው ለአሮጌው ስለ ምን አይቻልም? ደግሞስ ቀለሙን በባዶ እጁ የሚበጠብጠው ማን ነው? ሠራተኛው አይደለምን? ስለ ዓሣው የምንናገረው ሁሉ ስለ እርሱም ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሌላውን ብቻ መክሰስ ቀላል ነውና። በእኛ ላቦራቶሪ የሚሠራው ፈተና ምን ጊዜም ንጹሕ ነውን? ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ ሳያሳድሩ ዓሣ የሚያስገቡ አሉ፤ ያን ጊዜ ዓሣው የሚሞተው በክሎሪኑ ነው፣ ስሙ የሚጠፋው የቀለሙ ነው። ኦክሲጅን ሳይለኩ፣ ማነጻጸሪያ ገንዳ ሳያቆሙ «መርዛማ ነው» ብለው የሚጽፉም አሉ። ፋብሪካን በስሕተት መክሰስም እንደ ባለሥልጣኑ ንግግር ያለ ሐሰት ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አንድ ቀን በፍርድ ቤት ቢቀርብ ጠበቃው በሁለት ጥያቄ ያፈርሰዋል፤ ከእርሱም ጋር የወንዙ ዳር ሕዝብ ክርክር ይፈርሳል። የሚበልጠው ጥፋታችን ግን ሌላ ነው። ጥናቱ ይጻፋል፣ ይጠረዛል፣ በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ውሃውን የሚጠጣው ገበሬ አንድም ቀን ውጤቱን አይሰማም።

ሕጉ ግን በሩን ከፍቶልን ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ፣ ማንም ሰው የተለየ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለአካባቢ ባለሥልጣን አቤት እንዲል ፈቀደ፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠውም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ እንዲችል ደነገገ። ይህን ያወቀ ገበሬ ስንት ነው? ያወቅን እኛስ ምን አደረግን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ከፋብሪካዎች፤ ተማሪ ከመምህሩ ጋር መጥቶ ከቱቦው አፍ ፍሳሽ እንዲቀዳ ይፈቀድ። የሚደብቀው የሌለው ሰው በሩን አይዘጋም።

ከትምህርት ክፍሎቻችን፤ ከዱቄት ቀለም ፈተና ጋር የእውነተኛው ፍሳሽ ፈተና ይጨመር፤ በወንዙና በሐይቁ ውሃ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ዓሣ ይሠራ። ጫጩቱና ዕንቁላሉም ይታዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ቁጥር 236 መመሪያ አዋቂ ዓሣ ሳይገደል በዓሣ ሽል ላይ በ96 ሰዓት መፈተን እንደሚቻል አሳይቷል፤ ሥራው ከገንዳ ይልቅ በትንንሽ ዕቃ ይከናወናል። ለጠባቡ ላቦራቶሪያችን ይህ ይስማማል።

ከባለሥልጣኖች፤ «አልሞተም» ከሚለው ቃል በኋላ «በስንት ቀን? በየትኛው ውሃ? የትኛው ዓሣ?» ብለው ሳይጠይቁ ንግግር እንዳያደርጉ እንለምናለን።

ከእኛ ከተማሪዎች፤ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጥናት በአንድ ገጽ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ ወንዙ ዳር ላለው ቀበሌ ይድረስ። ለዚህ ወረቀቱንም ማባዣውንም የተማሪዎች ማኅበር ሊሰጥ ይገባዋል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን በውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን፤ እጃችሁን እንድታወጡልን ከአሁኑ እናሳስባለን።

በዚያ ቀን በአዳራሹ ከእኛ አንዱ እንኳ ተነሥቶ «ጌታዬ፣ የተፈተነው የፋብሪካው ፍሳሽ አይደለም» ቢል ኖሮ ይበቃ ነበር። አልተነሣንም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ጥናት ይቀርባል፣ ሌላ እንግዳም ይጠራል። ያን ጊዜ የምናጨበጭበው ጠይቀን ከጨረስን በኋላ ይሁን።